ኮሙኒኬሽን የምታስተምሩ፣ ክላሱንና ምርምሩን እንዴት ነው አብራችሁ የምታስኬዱት?

ሐይቅዳር፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን አስተምራለሁ። የተቋሙን ስም አልጠራም፣ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ ስላልሆነ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ መግቢያው ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ወረቀት ላይ 75 ለ25 ነው። 75 በመቶ ማስተማር፣ 25 በመቶ ምርምር። ብዙ ግቢ የሚጠቀሰው ስሌት ይህ ነው። ማስተማሩ እውነት 75 ቢሆን ምን ገዶኝ። ከያዝኳቸው ኮርሶች አንዱ የሬዲዮ ፕሮዳክሽን ነው። ገብተህ አስተምረህ የምትወጣበት ኮርስ አይደለም። ተማሪው ድምፅ ቀርጾ ይመጣል፣ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። ንፋስ የገባበት አለ። ከአቶቴ እስከ ፒያሳ ያለው ባጃጅ ሁሉ የገባበት አለ። ጠያቂው ከተጠያቂው በላይ የሚያወራበትም አለ፣ እሱ እንዲያውም ይበዛል። እያንዳንዱን አቁመህ፣ ወደኋላ መልሰህ፣ "ሰውየው 'ያኔ ችግር ነበር' ሲልህ የቱ ችግር ብለህ ለምን አልጠየቅከውም?" ካላልከው ኮርሱ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። የ5 ደቂቃ ፕሮግራም የኔን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ሎድ (የማስተማር ሰዓት ድርሻ) ሲሰላ ግን የላብ ሰዓት ነው ተብሎ ከሌክቸር ባነሰ ይያዝልኛል።

ኤግዚት ኤግዛምም አለ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ተማሪው ሳያልፍ አይመረቅም፣ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። ስለዚህ ከላይ የሚመጣው ወሬ "ኤግዚት ላይ አተኩሩ" ነው። ለፕሮሞሽን የሚጠየቀው ደግሞ ፔፐር ነው። ያ ተማሪ ያመጣው የ5 ደቂቃ ድምፅ ከሁለቱም የለበትም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ዲፓርትመንት ያሉ ሰዎች የማያውቁት ሦስተኛ ጣጣ አለ። "አንተ ኮሙኒኬሽን አይደለህ እንዴ?" የምትል ንግግር። ዎርክሾፕ ካለ መድረክ ምራ፣ እንግዳ ከመጣ ካሜራ የሚይዝ ተማሪ ላክ፣ መጽሔት ሲወጣ አርም፣ የሌላው ፕሮፖዛል ላይ "ዲሴሚኔሽኗን (ውጤቱን ለሕዝብ የማድረሷን ክፍል) ብቻ ጣል አርግልን"። ጣል አደርጋለሁ፣ ፔፐሩ ሲወጣ ስሜ የለም። የምርምር ኮንፈረንስ መድረክ ስመራ የዋልኩበት ቀን ነበር፣ ሁሉም እየወጣ ጥናቱን ሲያቀርብ እኔ የማቀርበው አልነበረኝም። መጨረሻ ላይ ግን ሞቅ አድርገው አጨበጨቡልኝ።

እንግዲህ ጥያቄው፦ እኛ ኮሙኒኬሽን የምናስተምር ሰዎች ማስተማሩንና ምርምሩን አንድ ላይ የምናስኬድበት የራሳችን መንገድ አለ ወይ? ሠርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። "ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም" የሚል መልስ አልፈልግም፣ እሱን ባለቤቴም ትነግረኛለች።

ቆይ_ቆይ፦

ተማሪ የለ፣ ምን ሎድ አለ ብለህ ነው የምታማርረው? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ወደ 900 ሺህ ተማሪ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። ሶሻል ሳይንስ ዲፓርትመንቶች ባዷቸውን ቀርተዋል። አሁን ካልጻፍክ መቼ ልትጽፍ ነው?

ሐይቅዳር፦

ቆይ ቆይ፣ ስምህ ራሱ መልስ ነው። ተማሪው ሲያንስ ሰዓቱ አያንስም እኮ። 60 ተማሪም ይኑር 12፣ ኮርሱ ያው ኮርስ ነው፣ ያው ሰዓት ትገባለህ። ክፍተቱን ደግሞ ሪሚዲያል (ፈተናውን ላላለፉት የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ሞላው። ድሮ ሁለት ሴክሽን የነበረው አንድ ሲሆን "ሎድህ ጎደለ" ተብሎ አስተምረኸው የማታውቀው ኮርስ ይሰጥሃል፣ ማታ ማታ እሱን ስታነብ ታመሻለህ። ያረምኩት ወረቀት ቀንሷል፣ እሱን አልክድም።

የታቦር_ሥር፦

ወንድሜ ሐይቅዳር፣ እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፣ ካንተ ትንሽ ቀደም ብዬ ነው የገባሁት። የምነግርህ እየሠራሁበት ያለሁትን ነው።

የሪሰርች ሜቶድ ኮርስ አለኝ። ድሮ በስላይድ ነበር የማስተምረው፣ ተማሪዎቹም በስላይድ ነበር የሚረሱት። አሁን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ኮንተንት አናሊሲስ እንሠራለን፣ ማለት የሚዲያ ይዘትን በደንብ እየመደብን እንቆጥራለን። ጥያቄው አንድ ነው፦ የከተማችን ኤፍኤም ዜና ውስጥ የሚናገረው ማነው? ባለሥልጣን፣ ባለሙያ ወይስ ነዋሪ? ወንድ ወይስ ሴት? ከከተማ ወይስ ከገጠር ቀበሌ? ሁለት ሁለት ሆነው ያንኑ ዜና ለየብቻ ይሰሙና ቅጹን ይሞላሉ። ከዚያ ምን ያህል እንደተስማሙ እናሰላለን።

አይስማሙም! አንዱ ቡድን አንድ ዜና ላይ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ተጨቃጨቀ። ዜናው ስለ ውሃ መቆራረጥ ነው። የሚናገሩት ሰውዬ የቀበሌ ሊቀመንበር ናቸው፣ ግን "እኛም ቤት ውሃ ከመጣ ሰነባበተ" እያሉ ነው። ባለሥልጣን ናቸው ወይስ ነዋሪ? አንዷ ልጅ "በሥልጣናቸው ነው የተጠየቁት" አለች። አጣማሪዋ "የተናገሩት ግን ስለራሳቸው ባልዲ ነው" አለ። እኔ ዝም አልኩ። መጨረሻ ላይ ራሳቸው ደንብ አወጡ፤ ዜናው ሰውየውን በማዕረጉ ካስተዋወቀ ባለሥልጣን፣ በስሙ ብቻ ካስተዋወቀ ነዋሪ። ኮድ ቡኩን (የመመደቢያ ደንቦቹን ዝርዝር) አረምን፣ ድጋሚ ኮድ አደረግን፣ ስምምነቱ ከፍ አለ። ኦፕሬሽናል ዴፊኒሽን ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የኮንተንት አናሊሲስ ምሁሩ ክሪፐንዶርፍ የስምምነቱ ልክ 0.80 እንዲደርስ ይመክራል፣ ለጊዜያዊ ድምዳሜ ቢያንስ 0.667። ልጆቹ ይቺን ቁጥር እንደ ኳስ ውጤት ነው የሚከታተሏት፣ "ቲቸር ስንት ገባን?" ይሉኛል።

አየህ፣ ያው ኮድ ቡክ ለሚቀጥለው ባች ይተላለፋል። በየዓመቱ መረጃው ይጨምራል። እኔ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ያን ሁሉ ዜና ልሰማ ብል የማይታሰብ ነው። ፔፐሩን የጻፍኩት ከዚህ ነው። ኬሚስት ላብ ያስፈልገዋል፣ ሪኤጀንት ያስፈልገዋል፣ ግዢ እስኪጸድቅ ዓመት ይሄዳል። የኛ መረጃ ግን ታክሲ ውስጥ በነፃ እየጮኸ ነው። ኮሙኒኬሽን ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ሪከርደር፦

የታቦር ሥር፣ እርስዎን በክፉ አይደለም፣ ግን የተማሪውንም ወገን አንድ ሰው ይናገር።

እኔ ተማሪ እያለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ አንድ መምህራችን "አሳይመንት" ብሎ ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ አስገለበጠን። ጥናቱ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ሴትየዋ የምትናገረው አልሰማ እያለኝ ያቺኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እየመላለስኩ ሳዳምጥ ሌሊት ሆኗል። ውጤቱ ከ20 ነበር። ፔፐሩ ወጣ፣ ምስጋና የምትባለው ቦታ ላይ እንኳ "ተማሪዎቼ" የሚል የለም። አሁን ሬዲዮ ጣቢያ ነው የምሠራው፣ መገልበጡ ጠቅሞኛል፣ እሱን አልክድም። ግን ያ ነገር መማር አልነበረም፣ ጉልበት ነበር።

"ክላሱን ምርምር አድርገው" ሲባል ሁሌ የሚታየኝ ይሄ ነው። ተማሪ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ግሬዱ በእጅህ እያለ?

የታቦር_ሥር፦

ሪከርደር፣ ትክክል ነህ፣ ደግ አደረግህ። እኔ ሁለቱን ነገር ለይቼ ነው የማየው።

አንደኛው፣ ተማሪው ሥራውን ሲሠራ የሚማረው ነገር ኮርሱ ላይ የተጻፈው ነው ወይስ አይደለም? ኮድ ማድረግ ሜቶድ ኮርስ ውስጥ ትምህርቱ ራሱ ነው። መገልበጥ ግን አንዴ ከሞከሩት በኋላ የሚጨምረው ነገር ብዙም የለም። የተቀረው የመምህሩ ሥራ ነው፣ በክፍያ ወይም በራሱ ጆሮ ይሠራው።

ሁለተኛው ፈቃዱ ነው። ኮድ ማድረጉን ሁሉም ይሠራል፣ ይታረማል፣ ግሬድ ያገኛል። የሱ ቅጽ ወደ ምርምሩ ይግባ አይግባ የሚለውን ግን የሚጠይቃቸው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ አልኖርም። የፈቃድ ቅጹም እሱ ጋ ታሽጎ ይቆያል፣ ግሬድ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ ነው የማየው። ማን እሺ እንዳለ ማን እምቢ እንዳለ ሳላውቅ ነው የማርመው ማለት ነው። ኮድ ቡኩን በማሻሻል ላይ ደህና የሠሩት ልጆች ደግሞ ስማቸው ከደራሲዎቹ ጋር ይገባል።

ጋሽ_ጡረታ፦

ልጆች፣ ሳነባችሁ ቆየሁ። ጡረታ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ዓሣ መብላት ነው ሥራዬ፣ ግን ይቺ ርዕስ ዝም አታሰኝም።

መምህርነት ስጀምር ሁሉም የሚለው "ጥሩ ተመራማሪ ጥሩ መምህር ነው" ነበር። በፈረንጆቹ ከ1810 ጀምሮ፣ ሁምቦልት በርሊን ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁም ካነሳት ሐሳብ የመጣ ነው። ያምራል። ነገር ግን ሃቲና ማርሽ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1996 (በፈረንጆቹ) 58 ጥናቶችን ሰብስበው በምርምርና በማስተማር ጥራት መካከል ያለውን ዝምድና ሲያሰሉት 0.06 ሆነ። ዜሮ በሉት። የሚገርመው፣ አሉታዊም አይደለም። ምርምር የሚሠራ ሰው ክላሱን ይበድላል የሚለውም ሐሜት አልቆመም። ዝም ብለህ ከተውካቸው አንዱ ሌላውን አይጠቅምም፣ አይጎዳም፣ በየራሳቸው ይሄዳሉ። የሚገናኙት ይቺ የታቦር ሥር ልጅ እንዳደረገችው ሰው አስቦ ሲያገናኛቸው ነው።

የናንተ ሙያ ደግሞ ሲወለድም ከዚህ ጠብ ጋር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሙኒኬሽን ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ሽራም የሚባል ምሁር አዮዋ ላይ በ1943 (በፈረንጆቹ) የዶክትሬት ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ መምህራኑ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከጋዜጣ ቤት የመጡ አርታኢዎች ናቸው፣ ድሮ ከመብራት ዓይናቸውን በሚከልሉበት አረንጓዴ ቆብ ነበር የሚጠሩት። ሌላኛው ወገን በስታቲስቲክስ ፈተናው ካይ ስኩዌር ይጠራ ነበር። አንዱ ሌላውን "ዜና ጽፎ አያውቅም" ሲል፣ ያኛው "ጽፎ ከማወቅ ሌላ ምንም አያውቅም" ይላል። የሐይቅዳር የሬዲዮ ክላስና ፔፐሩ የሚጣሉት ጠብ ያ ነው። ልጄ፣ አንተ ሰነፍ ሆነህ አይደለም።

መድረክ ምራ፣ ፎቶ አንሳ ስለሚሉህ ግን አንድ ነገር ልበል። ቦየር የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ሰው በ1990 (በፈረንጆቹ) የምሁርን ሥራ በአራት ከፍሎት ነበር፦ ማግኘት፣ ማዋሃድ፣ በሥራ ላይ ማዋልና ማስተማር። ሰዎች ሦስተኛዋን እየጠቀሱ "ያው ይቆጠርልሃል" ይሉሃል። እሱ ግን ያለው ሙያህን ተጠቅመህ የሰውን ችግር ስትፈታና ከዚያው አዲስ ነገር ስታውቅ ነው። ማይክ ይዞ "አሁን ደግሞ ቀጣዩን አቅራቢ እጋብዛለሁ" ማለት እዚያ ውስጥ የለም። በደብዳቤ ይጠይቁህ። ደብዳቤ ሲባል ግማሹ ይቀራል፣ የቀረው ደግሞ ፋይልህ ውስጥ ይገባል።

ሐይቅዳር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የደብዳቤዋን ነገር ነገ እጀምራለሁ። አረንጓዴ ቆቡን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፣ እኛ ስታፍ ክፍል ውስጥ ማን ማን እንደሚያደርገው አውቃለሁ።

ቆይ_ቆይ፦

እኔ አጭሩን መንገድ ልንገርህ? ኢሜይልህን ክፈት። "ዲር ፕሮፌሰር" ብሎ የሚጀምር አለ፣ በሁለት ሳምንት ያሳትሙልሃል።

የታቦር_ሥር፦

እሱን ተወው። ከፍለህ ያሳተምከው ፕሮሞሽን ኮሚቴ ላይ ሲወድቅ ማንም አያዝንልህም። አንዴ ስምህ አብሮ ከተጻፈ ደግሞ አይፋቅም። ጆርናል ስትመርጥ ዶአጅ (DOAJ፣ በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ) ውስጥ አለ ወይ፣ የአፍሪካ ከሆነ አጆል (AJOL፣ የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ) ላይ አለ ወይ ብለህ እይ፣ ከዚያ ሚኒስቴሩ ከሚቀበለው ዝርዝር ጋር አስተያየው።

ወንጂ_መገንጠያ፦

ከአዳማ ነኝ። እኔ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነው ኮሙኒኬሽን የማስተምረው፣ ማለት የቴክኒክ ሪፖርት አጻጻፍ፣ ፕሬዘንቴሽን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። የራሴ የምለው ዲፓርትመንት ተማሪ የለኝም። ስለዚህ የታቦር ሥር መንገድ ለኔ አይሆንም፣ ሌላ መንገድ ግን አለ።

"ዲሴሚኔሽኗን ጣል አርግልን" የምትለዋን ነገር እኔ ጋም ይመጣሉ። እኔ እሺ አልልም፣ እምቢም አልልም። "የት ቦታ ነው? ሰዉ ምን ይላል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ምሳሌ ልስጣችሁ። እዚህ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ወንጂ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ነው። ኢንጂነሩ ማጣሪያ ይሠራል፣ በአጥንት ከሰልም ሆነ በሌላ፣ ላብ ውስጥ ይሠራል። መንደር ሲገባ ግን ሰዉ የማይጠቀምበት ጊዜ አለ። ለምን? አንዷ እናት "ከከብት አጥንት የወጣ ውሃ ምን አጥንት እንደሆነ ሳላውቅ ልጄን አላጠጣም" ብትልህ ይህ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም። የፆምም ጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ የሃላልም፣ የመተማመንም። ፍሎራይዱ ጥርሱን የቡናማ ቀለም ያስያዘው ወጣት ፎቶ ሲነሳ አፉን ይገጥማል፣ ይህን ማን አጠናው? ይህ የኛ ነው።

ስለዚህ "የዲሴሚኔሽን ክፍሉን አልጽፍም፣ አንድ የምርምር ጥያቄ ግን የኔ ይሁን፣ ስሜም ከመጀመሪያው ይግባ" እላለሁ። አንዳንዱ ይኮሳተራል። ሌላው ግን ደስ ይለዋል፣ ፕሮፖዛል ገምጋሚዎች ማኅበረሰቡ የት አለ ብለው ስለሚጠይቁት። ለክላሴም ጠቀመኝ። ተማሪዎቼ ሪፖርት ሲጽፉ ምሳሌው ይሄ ማጣሪያ ነው፤ አንዱን ገጽ ለኢንጂነር፣ አንዱን ገጽ ለዚያች እናት ይጽፋሉ። ለእናትየዋ የሚጻፈው ነው የሚከብዳቸው።

ሪከርደር፦

ይሄ ተመቸኝ። እኛ ጣቢያ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ መግለጫ "ጥናቱ እንደሚያመለክተው" ብሎ ጀምሮ በሚኒስትሩ ንግግር ነው የሚያልቅ፣ ጥናቱ ምን እንዳገኘ መሃል ላይ ተደብቆ። ለእናትየዋ የተጻፈችዋን ገጽ ብትልኩልን ቀጥታ አየር ላይ ነበር የምናውላት።

ሐይቅዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከራሴ ነገር ጋር ሳገናኘው እንዲህ መጣልኝ፦ የሬዲዮ ፕሮዳክሽን ተማሪዎቼን ድምፅ ጥናት ላደርገው። ጠያቂው ምን ያህል ጊዜ ተከታይ ጥያቄ ጠየቀ፣ ስንቴ አቋረጠ፣ ከግብረ መልስ በፊትና በኋላ ምን ተለወጠ። ያ ግማሽ ሰዓት ለማንኛውም እየሄደ ነው፣ እያረምኩ ቅጹንም ልሙላ። ጎን ለጎን የታቦር ሥርን ኮድ ቡክ ወስጄ የከተማውን ዜና ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ልቅረጽ። ሁለቱም ኤቲካል ክሊራንስ (የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ) ይፈልጋሉ?

የታቦር_ሥር፦

የተማሪዎቹ ድምፅ አዎ፣ ያለ ክሊራንስ እንዳትነካው። ፈቃዱን ሌላ ሰው ይጠይቅልህ፣ ሲታረም ያላለፈ ልጅ ደግሞ በድምፁ እንዳይታወቅ ጥንቃቄ አድርግ፣ ሐዋሳ ትንሽ ናት። አየር ላይ የዋለው ዜና ለሕዝብ የተነገረ ስለሆነ ይቀላል፣ ቢሆንም ኮሚቴው ጋ አስገባው፣ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ነው የሚያልፈው።

ግን ተከታታይ አንድ ሳምንት አትውሰድ። ፍቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የዋለበት ሳምንት ላይ ከወደቅክ ዜናው በሙሉ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ነው የሚሆነው፣ የምትደመድመውም የሐዋሳ ሬዲዮ ከአገር ሽማግሌ ሌላ ሰው አያናግርም ብለህ ነው። አንዱን ሰኞ ከአንድ ወር፣ አንዱን ማክሰኞ ከሌላ ወር፣ እንዲህ በዕጣ እያወጣህ ሳምንቱን ራስህ ገጣጥመው። ሪፍና ባልደረቦቹ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ሞክረውት እንዲህ የተገጣጠሙ ሁለት ሳምንታት አንድ ዓመት ይወክላሉ ብለዋል። ሬዲዮ ከጋዜጣ ይለያልና እኔ አራት እወስዳለሁ። ኮድ ቡኩን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፣ የሊቀመንበሩ ደንብ ገጽ 3 ላይ አለች።